የጋሻ ጃግሬው ሒሳብ

በኢንተርኔት አማካይነት ብዙ ሺህ ሰዎች በአንድ ዓለም ውስጥ የሚገናኙባቸው ጨዋታዎች በተማሪዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ተጫዋቹ የልዕለ ጀግና ካባ ለብሶ፣ በአየር እየበረረ ወይም በእጁ እሳት እየተፋ ከተማ የሚጠብቅባቸው ይገኙበታል። ወደ እንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ አዲስ የሚገባ ሰው ሁልጊዜ የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከሁሉ ኃይለኛው የትኛው ጀግና ነው?» መልሱም አብዛኛውን ጊዜ የተዘጋጀ ነው። «ብዙ የሚመታውን ምረጥ» ይባላል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ከዚህ መልስ ጋር ነው። ጀማሪ መምረጥ ያለበት የሚመታውን ሳይሆን ሌሎችን የሚጠብቀውን፣ አባቶቻችን «ጋሻ ጃግሬ» ይሉት የነበረውን ዓይነት ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴ ግብረ ገብ አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

ለምሳሌነት የምወስደው «ሲቲ ኦቭ ሂሮስ» የተባለውን ጨዋታ ነው። ከእርሱ በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. «ቻምፒዮንስ ኦንላይን»፣ በ2011 ደግሞ «ዲሲ ዩኒቨርስ ኦንላይን» ወጥተዋል። ሆኖም የልዕለ ጀግኖችን ዓለም ለብዙ ተጫዋቾች በመክፈት ረገድ ፈር ቀዳጁ ሲቲ ኦቭ ሂሮስ ነው። ክሪፕቲክ ስቱዲዮስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሠርቶት፣ የደቡብ ኮሪያው ኤንሲሶፍት በሚያዝያ 2004 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አቀረበው። ታሪኩ የሚካሄደው ፓራጎን ሲቲ በምትባል ምናባዊ ከተማ ነው። ጨዋታው በኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. ቢዘጋም ዛሬ በሕይወት አለ፤ እንዴት እንደተረፈ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ጀማሪው ሲገባ በመጀመሪያ አምስት የጀግና ዓይነቶች ይቀርቡለት ነበር። ብላስተር ከሩቅ እየተኮሰ የሚያቃጥል፣ ግን በቀላሉ የሚወድቅ ነው። ስክራፐር በቅርብ የሚፋለም ነው። ታንከር ፊት ቀድሞ የጠላትን ምት ሁሉ በራሱ ላይ የሚስብ ነው። ኮንትሮለር ጠላትን አስሮ ወይም አደንዝዞ የሚይዝ ነው። ዲፌንደር ደግሞ ጓደኞቹን የሚያበረታና የሚጋርድ፣ ጠላትን የሚያዳክም ነው። በኋላ ሌሎች ዓይነቶች ተጨምረዋል፤ ለክርክራችን ግን አምስቱ ይበቃሉ።

ልማዱ ለጀማሪ ስክራፐርን ይመክራል። ይህ ምክር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ስክራፐር ብቻውን መንገድ ላይ ወጥቶ ወሮበሎችን ሲያሳድድ ያምርበታል፣ የማንንም እርዳታ አይሻም፣ ስሕተትንም ይቅር ይላል። ነገር ግን ምክሩ አንድ ነገር ይዘነጋል። ጨዋታው እስከ ስምንት ሰው በሚይዝ ቡድን እንዲካሄድ ሆኖ የተሠራ ነው። በቡድን ውስጥ ደግሞ የቁጥሮቹ ባሕርይ ፈጽሞ ይለወጣል።

እስቲ ስሌቱን ቀረብ ብለን እንመልከተው። ከተጫዋቹ ጋር በደረጃ እኩል የሆነ ተራ ጠላት 100 ጊዜ ቢሰነዝር፣ ምንም መከላከያ በሌለው ጀግና ላይ በአማካይ 50ው ያርፋሉ። መከላከል ተብሎ የሚጠራው መጠን ከዚህ 50 ላይ በቀጥታ ይቀነሳል። 5 በመቶ መከላከል ያለው ጀግና ከ100 ስንዘራ 45 ያርፍበታል፤ ማለትም ከቀድሞው አንድ አሥረኛ ብቻ ቀነሰለት። ይህን ያየ ጀማሪ «5 በመቶ ምን ይፈይዳል?» ብሎ ይተወዋል። አሁን ግን 40 በመቶ መከላከል ያለውን ጀግና እንውሰድ። በእርሱ ላይ የሚያርፈው 10 ነው። ያችኑ የተናቀች 5 በመቶ ብንጨምርለት የሚያርፈው 5 ይሆናል። ጉዳቱ በግማሽ ተቀነሰ ማለት ነው። የተጨመረው መጠን አንድ ሆኖ ሳለ፣ መጀመሪያ ላይ አንድ አሥረኛ፣ መጨረሻ ላይ ግን ግማሽ ይቆርጣል። ጨዋታው ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ስለማይፈቅድ፣ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች 45 የምትለዋን ቁጥር እንደ ድንበር ምልክት ያውቋታል።

የጉዳት መቋቋም በሚባለውም ላይ ያው ነገር ይታያል። መቋቋም ያረፈውን ምት አያስቀርም፤ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ለብላስተር፣ ለስክራፐርና ለዲፌንደር ጣሪያው 75 በመቶ፣ ለታንከር 90 በመቶ ነው። ልዩነቱ 15 ነጥብ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን 75 በመቶ የሚቋቋም ሰው ከምቱ አንድ አራተኛውን ይቀበላል፤ ስለዚህ አራት እጥፍ ይቆያል። 90 በመቶ የሚቋቋመው አንድ አሥረኛውን ይቀበላል፤ አሥር እጥፍ ይቆያል። በክፍል ውስጥ የአንድን ክፍልፋይ ታሕት እያሳነሱ ወደ ዜሮ ሲያስጠጉት ውጤቱ እንዴት እንደሚያሻቅብ የተማረ ተማሪ፣ እዚህ ያንኑ ግራፍ ያገኘዋል።

ወደ ጋሻ ጃግሬው እንመለስ። ዲፌንደር ከሚመርጣቸው የኃይል ዘርፎች አንዱ ፎርስ ፊልድ ይባላል። በመጀመሪያ በተሠራበት መልኩ ሁለት ዓይነት ጋሻዎችን ለጓደኞቹ ያለብሳል፤ አንዱ የቡጢንና የስለትን ጥቃት፣ ሌላው የእሳትን፣ የብርድንና የመሳሰለውን ጥቃት የሚመክት ነው። እያንዳንዱ 15 በመቶ መከላከል ይሰጣል። በዚያ ላይ ዙሪያውን የሚሸፍን ጉልላት ያበጃል፤ እርሱም 10 በመቶ ይጨምራል። ከአንዳንድ የአእምሮ ጥቃቶች በቀር፣ በጉልላቱ ሥር ያለ ጓደኛ በድምሩ 25 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ከ50 ላይ 25 ሲቀነስ 25 ይቀራል። አንድ ሰው ብቻ፣ አንዲት ምት ሳይሰነዝር፣ በሰባት ጓደኞቹ ላይ የሚያርፈውን ጥቃት በግማሽ ቆረጠ።

ሁለተኛ ዲፌንደር ቢመጣስ? ከሁለት ሰዎች የመጡ ጋሻዎች ይደመራሉ። 25 እና 25 ተደምረው 50 ስለሚሆኑ የጠላት ዕድል እስከ ወለሉ፣ እስከ 5 በመቶ ይወርዳል። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ረዳት ከ50 ወደ 25 አወረደው፣ ግማሽ። ሁለተኛው ከ25 ወደ 5 አወረደው፣ አንድ አምስተኛ። ሁለተኛው ረዳት ከመጀመሪያው ይበልጥ ጠቀመ! በዕለት ተዕለት ኑሯችን የምናውቀው የተገላቢጦሹን ነው፤ ለተራበ ሰው ከሁለተኛው እንጀራ የመጀመሪያው ይበልጥበታል። ከስድስት ተኳሾች ጋር ሰባተኛ ተኳሽ ቢጨመር የቡድኑ ጉልበት በአንድ ስድስተኛ ያድጋል፤ ስምንተኛው ሲጨመር በአንድ ሰባተኛ። ተኳሽ ይደመራል፣ እየቆየም ድርሻው ያንሳል። ጋሻ ጃግሬ ያባዛል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂላችን ስለ ድሮቹ መብዛት የተነገረ ነው፤ እዚህ ያለው ግን አንዱ ክር ሌሎቹን ክሮች ሁሉ የሚያጠነክርበት ሁኔታ ነው። በእርግጥ ሦስተኛ ተመሳሳይ ረዳት ከመጣ ወለሉ ስለተነካ በዚህ ስሌት የሚጨምረው የለም። ደረጃቸው ከቡድኑ ከፍ ባሉ ጠላቶች ላይም ቁጥሮቹ ይለወጣሉ። አቅጣጫው ግን አይለወጥም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ። በዚያው በመጀመሪያው አሠራር ዲፌንደሩ ሁለቱን ጋሻዎች ለራሱ ማልበስ አይችልም ነበር። ለሌላ ብቻ ይሰጣቸዋል፤ ለራሱ የሚተርፈው ጉልላቱ ነው። ሁለት ዲፌንደሮች ሲገናኙ ግን አንዱ ሌላውን ያለብሳል፤ ሁለቱም ብቻቸውን ሆነው ሊያገኙት የማይችሉትን ያገኛሉ። ጨዋታውን የነደፉት ሰዎች ይህን ሕግ ያወጡት ተጫዋቾች እንዲፈላለጉ አስበው ይመስለኛል። አስበውም ይሁን ሳያስቡ ውጤቱ ያው ነው።

ተቃውሞው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዲፌንደር ብቻውን ሲሆን ምቱ ደካማ ነው፤ ስክራፐር በጥቂት ምቶች የሚጥለውን ወሮበላ እርሱ ሲለፋበት ይቆያል። ይህ እውነት ነው። ብቻውን መጫወት የሚሻ፣ በትርፍ ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ገብቶ የሚወጣ ሰው ስክራፐርን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፦ ብቻውን የሚጫወት ሰው ብዙ ሺህ ሰዎች ወዳሉበት ዓለም መግባት ለምን አስፈለገው? በዚያ ላይ ጨዋታው ጀማሪ ከቡድን እንዳይገለል የሚያደርግ ብልሃት ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረው። ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያለ ተጫዋች ከፍ ካለ ጓደኛው ጋር ሲጣመር፣ ለጊዜው ከጓደኛው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይዋጋ ነበር። ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የመላው ቡድን ደረጃ በራሱ ይስተካከላል። ትናንት የጀመረ ተማሪ ለዓመታት ከተጫወተ ሰው ጎን መቆም ይችላል። እዚያ ሲቆም ደካማ ተኳሽ ብዙም አይፈለግም፤ ጋሻ የያዘ ግን በደስታ ይቀበሉታል።

ጀማሪው ጀግናውን ከመረጠ በኋላ የሚገጥመው ሁለተኛው ፈተና የማጎልበቻዎች ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ኃይል እስከ ስድስት ማጎልበቻ የሚቀመጥበት ቦታ ሊኖረው ይችላል። ከፍተኛው የተለመደ ማጎልበቻ የምትን ጉልበት በ33 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጀማሪው ስድስቱንም ቦታ በአንድ ዓይነት ይሞላና ሦስት እጥፍ የሚመታ ይመስለዋል። እስከ 2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ይህ በእርግጥ ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ አሮጌ ምክሮች እስከ ዛሬ ሲዞሩ ይገኛሉ። በዚያ ዓመት ግን ሕጉ ተለወጠ። አሁን ሦስት ማጎልበቻዎች 95 በመቶ ያህል ይጨምራሉ፤ አራተኛው የሚጨምረው ወደ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሦስት ላይ ቆሞ የቀረውን ቦታ ለምት ትክክለኛነት ወይም ኃይሉ ፈጥኖ እንዲመለስ ማዋል ይሻላል። እዚህ ላይ ስሌቱ ከመከላከል ጋር ሲነጻጸር የተገለበጠ መሆኑን አስተውሉ፤ በአንዱ የመጨረሻዋ ጠብታ ወርቅ ናት፣ በሌላው ውኃ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያሰሉ በግምት ማወቅ አይቻልም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የተለመደ ስሞታ አለ። «ጨዋታው ያጭበረብራል፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሳትኩ» ይባላል። በደረጃ እኩል በሆነ ጠላት ላይ የተጫዋቹ የመምታት ዕድል በመሠረቱ 75 በመቶ ነው። የመሳት ዕድሉ አንድ አራተኛ ከሆነ፣ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የመሳት ዕድሉ አንድ አራተኛ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ከ64 አንድ ይሆናል። በአንድ ምሽት 300 ጊዜ የሚሰነዝር ሰው ይህ አራት ወይም አምስት ጊዜ ቢደርስበት የሚያስደንቅ አይደለም፤ ባይደርስበት ነው የሚያስደንቀው። እንዲያውም ጨዋታው ለተጫዋቹ ያደላል፤ የተወሰነ ቁጥር ያህል በተከታታይ ከሳተ ቀጣዩ ምት የግድ እንዲያርፍ የሚያደርግ ሕግ አለው። ሰው የሳተውን ያስታውሳል፣ የመታውን ይረሳል። የፕሮባብሊቲ ትምህርት በሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ደረቅ የሚሆንበት ተማሪ፣ አንድ ምሽት ወረቀትና እርሳስ ይዞ የመታውንና የሳተውን ቢመዘግብ ብዙ ይማራል።

ይህን ማድረግ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ጨዋታው በወጣባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ቁጥሮቹን ለተጫዋቾች አያሳይም ነበር። «ጋሻው መከላከልን ከፍ ያደርጋል» ይላል እንጂ በስንት እንደሆነ አይናገርም። 15፣ 10፣ 50 የሚሉትን ቁጥሮች ያወጡት ራሳቸው ተጫዋቾች ናቸው፤ አንድ ጠላት ፊት ቆመው እየተመቱ በመቁጠር፣ ያገኙትን ለሌሎች በማሳወቅ፣ ሌሎችም ደግመው በመሞከር። ላቦራቶሪያቸው ጎዳና፣ መሣሪያቸው ትዕግሥት ነበር። የሳይንስ ተማሪ ሁሉ ከዚህ የበለጠ የተሟላ የሙከራ ምሳሌ ማግኘቱን እጠራጠራለሁ።

ሌሎቹን ነገሮች በአጭሩ ላንሳ። የጠላት ስም የሚጻፍበት ቀለም ደረጃውን ይናገራል፤ ነጭ እኩያ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ደካማ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ በየተራ የሚበረታ፣ ሐምራዊ ደግሞ ለጀማሪ የማይነካ ነው። ጀማሪ ብቻውን ሲሆን ከቢጫ ባያልፍ ይመከራል። ከተወሰነ ደረጃ በኋላ የተሸነፈ ጀግና የልምድ ዕዳ ይገባል፤ ዕዳው እስኪያልቅ ከሚያገኘው ልምድ ግማሹ ለዕዳው ይሄዳል። ዕዳ ውርደት አይደለም፤ ደፋር ቡድን ሁሉ አለበት።

ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከጅማ ሆኖ ለሚሞክር ተማሪ ግን አንድ ለየት ያለ ነጥብ አለ፤ እርሱም ርቀት ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልስ ከ22,000 በላይ ይሆናል። ስለዚህ የትኛውም ቴሌኮም፣ የትኛውም ኮምፒውተር ቢሆን፣ ቁልፍ ከተጫነበት ቅጽበት መልሱ እስኪመጣ ድረስ ከ0.11 ሰከንድ በታች ሊያደርሰው አይችልም። ኬብሉ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድና በየመገናኛው ስለሚዘገይ በተግባር ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። አሁን ጨዋታውን ከሚያስተናግዱት ሰርቨሮች መካከል ሪዩኒየን የተባለው አውሮፓ ውስጥ በመሆኑ ርቀቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ከኢትዮጵያም ሆነ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚገባ ሰው ምርጫው ይኸው ነው። ጋሻ ጃግሬነት እዚህም ይረዳል። ፊት ለፊት የሚፋለም ሰው ሩብ ሰከንድ ቢዘገይ ሊወድቅ ይችላል፤ ደቂቃዎች የሚቆይ ጋሻ የሚያለብስ ሰው ግን መዘግየቱን ከነጭራሹ ላያስተውለው ይችላል።

ጨዋታው እንዴት እንደተረፈ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኤንሲሶፍት ጨዋታው እንደሚዘጋ በድንገት አስታወቀ። ተጫዋቾች አትላስ ፓርክ በሚባለው የጀማሪዎች አደባባይ በብዛት ተሰብስበው፣ ጀግኖቻቸው ችቦ ይዘው ቆሙ። አልረዳቸውም፤ ኅዳር 30 ቀን ሰርቨሮቹ ጠፉ። በየወሩ 15 ዶላር ገደማ እየከፈሉ ስምንት ዓመት የገነቡት ሁሉ አብሮ ጠፋ፤ ምክንያቱም ጀግናው የሚኖረው በተጫዋቹ ቤት ሳይሆን በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነበር። ከዚያ በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ጥቂት ሰዎች ጨዋታውን ለዓመታት በስውር ሲያንቀሳቅሱት እንደነበር ተገለጠ። ሶፍትዌሩ በአደባባይ ወጣ፣ በጎ ፈቃደኞችም «ሆምካሚንግ» የተባለውን ሰርቨር አቋቋሙ። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ኤንሲሶፍት ለዚሁ ቡድን በይፋ ፈቃድ ሰጠው። ዛሬ ያለ ክፍያ፣ በመዋጮ ይሠራል።

ይህን ያነሳሁት ለጀማሪው አንድ ጥያቄ ስለሚያስነሳ ነው፦ በስንት ሰዓት? ጨዋታው 50 ደረጃዎች አሉት፤ 50 ላይ የደረሰም ሌላ ጀግና ይጀምራል፤ ስለዚህ መጨረሻ የለውም። ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ደረጃ እያሳደደ የሚያነጋቸው ሌሊቶች በ2012 ከተዘጉት ሰርቨሮች የበለጠ ዋስትና የላቸውም። ከእነዚያ ስምንት ዓመታት የተረፈው ቁጥሩን መቁጠር የለመደው ልቡና እና አብረው የተጫወቱት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጨዋታውን በስውር ያቆዩትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በሳምንት ሁለት የተወሰኑ ምሽቶች፣ ከታወቁ ሰዎች ጋር፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት መጫወት ለተማሪ በቂ ነው እላለሁ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ከተኳሽ ይልቅ ለጋሻ ጃግሬ ይመቻል፤ ደረጃው ዝቅ ቢልም ቡድኑ ይጠብቀዋልና።

በመጨረሻም አንድ የሥነ ሥርዓት ነገር። ዲፌንደር በውጊያ መካከል ድንገት ቢወጣ በጓደኞቹ ላይ የሚያርፈው ምት በእጥፍ ያድጋል። መሄድ ያለበት ሰው ቀድሞ ይናገር፣ ጠላት የሌለበት ቦታ እስኪደርሱ ይቆይ፣ ከመሰናበቱም በፊት ጋሻዎቹን አንድ ጊዜ ያድስ። አንዴ የተሰጠ ጋሻ 4 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ቡድኑ ሌላ ረዳት ፈልጎ ለማግኘት ጥቂት ጊዜ ያገኛል።